ስድስት ሺህ ሰው ያለበት ግሩፕ ውስጥ ብቻዬን ነኝ

ጥያቄ፦ ጋሼ ጤና ይስጥልኝ። ጮቄ ሥር ባለች የገጠር ትምህርት ቤት የ7ኛና የ8ኛ ክፍል ሒሳብ አስተምራለሁ። የሒሳብ መምህር እኔ ብቻ ስለሆንኩ ሲቸግረኝ የምጠይቀው ሰው የለም። ቴሌግራም ላይ መምህራን ይማማራሉ ሲሉኝ ሦስት ግሩፕ ገባሁ፤ አንዱ ከስድስት ሺህ ሰው በላይ አለው። ጠዋት የአበባ ፎቶ ነው፣ ማታ የደመወዝ ወሬ። «ክፍልፋይ ስታስተምሩ ምን ዘዴ ትጠቀማላችሁ?» ብዬ ብጠይቅ አንድ ሰው አውራ ጣት ላከልኝ፣ በቃ። ርዕሰ መምህሩ ደግሞ ስልክ ይዤ ባየኝ ቁጥር «ፌስቡክ ነው አይደል?» ይለኛል። እውነት ከዚህ ነገር ይጠቀማሉ ወይስ ዳታዬን ነው የምጨርሰው?
መምህርቷ ነኝ፣ ከምሥራቅ ጎጃም

መልስ፦ እህቴ፣ ጋሼ ካልሽኝ አንቺ ብልሽ ቅር አይልሽም መቼም። ጥቅም አለው፤ ግን ከስድስት ሺህ ሰው አይደለም የሚገኘው። ቴሌግራም አንድ ግሩፕ ውስጥ እስከ 200,000 ሰው ያስገባል። ቅዳሜ ገበያ መሐል ቆመሽ «ክፍልፋይ እንዴት ላስተምር?» ብለሽ ብትጮኺ ማን ዞር ብሎ ያይሻል? ጥያቄሽም፣ አትቀየሚኝና፣ ሰፊ ነው። ለእሱ መልስ ልስጥ የሚል ሰው መጽሐፍ ሊጽፍልሽ ነው።

እኔ ማስተማር ካቆምኩ ቆየሁ፣ ግን ሰባት መምህራን ካሉባት አንዲት ግሩፕ እስካሁን አልወጣሁም። ባለፈው ዓመት አንዷ የተማሪ ደብተር ፎቶ ላከች። ስሙን በጣቷ ሸፍናዋለች። ልጁ 1/2 + 1/3 = 2/5 ብሎ ጽፏል፤ ላዩን ከላዩ፣ ታቹን ከታቹ ደምሮ። ከሥሩ «ግማሽ ክፍሉ እንዲህ ነው የሠራው፣ የጋራ ታህት ብዬ ሦስት ቀን አስረድቻለሁ፣ ነገ ምን ልበላቸው?» ብላለች። አሥር ደቂቃ አልቆየም፣ ደምበጫ ያለው መምህር በድምፅ መለሰላት። «2/5 እኮ ከግማሽ ያንሳል። ልጁን ግማሽ እንጀራ በላህ፣ ሲሶ ተጨመረልህ፣ አሁን የበላኸው ከግማሽ አነሰ ወይ በይውና ዝም በይ» አላት። ዝም በይ ያላት ነገር ነው የገረመኝ። ሲሶና እርቦ የሚሉት ቃላት ደግሞ አያቶቻችን እህልና መሬት ሲካፈሉ የኖሩባቸው ናቸው፤ እኔ ያን ሁሉ ዓመት ሳስተምር አንድ ቀን ጥቁር ሰሌዳ ላይ አልጻፍኳቸውም። እስካሁን ይቆጨኛል።

እንዲህ ያለ ግሩፕ ከየት ይመጣል? ከምታውቂያቸው ሰዎች። ኮሌጅ አብረውሽ ሒሳብ የተማሩ አሉ፣ ክረምት ሥልጠና ላይ አጠገብሽ የተቀመጠች አለች፣ የ8ኛ ክፍል ክልላዊ ፈተና ልትፈትኑ ስትሄዱ አብራችሁ ሻይ የጠጣችሁት አለ። ከእነዚህ አራት አምስቱን ሰብስቢ። ዋናው አንድ ክፍልና አንድ ምዕራፍ ላይ መሆናችሁ ነው። ደንቡም አንድ ይሁን፤ የሚጠይቅ ሰው የደብተር ፎቶ ወይም የዕለቱን ዕቅድ ይዞ ይምጣ። የምትጠይቂው ብቻ አንቺ እንዳትሆኚ ደግሞ፤ የሠራልሽን ነገር፣ ከዚያም በላይ ያልሠራልሽን፣ አንቺም ጣል አድርጊላቸው።

ዳታ ላልሽው፣ ሴቲንግ ግቢና ዳታ ኤንድ ስቶሬጅ የሚለው ውስጥ ፎቶና ቪዲዮ በራሱ ጊዜ እንዳያወርድ አጥፊው። ዳታሽን የሚበላው የአበባው ፎቶ ነው። ፕራይቬሲ ውስጥ ስልክ ቁጥርሽን ኖባዲ አድርጊው፤ ሴት መምህራን ትልልቅ ግሩፕ ሲገቡ ማታ ማታ የማያውቁት ሰው «ሰላም ቆንጆ» ይላቸዋል፤ ይህ መልእክቱን ባያስቀርልሽም ቁጥርሽን እንዳያይ ያደርገዋል። ኔትወርኩን ደግሞ አትመኚው። ከ2015 መጨረሻ ጀምሮ ክልላችን ውስጥ የሞባይል ዳታ ለወራት ሲጠፋ የእኛ ግሩፕ ወረቀቱን በፍላሽና ያለ ኢንተርኔት ፋይል በሚያስተላልፈው በዜንደር እያዟዟረ ነው የከረመ። የሚጠቅምሽን ነገር ስልክሽ ላይ አውርደሽ አስቀምጪ።

ርዕሰ መምህሩን በተመለከተ አትከራከሪው። ሲፒዲ የምንለው ተከታታይ ሙያ ማሻሻያ ለአንድ መምህር በዓመት ቢያንስ 60 ሰዓት ይጠይቃል፤ እሱም ይህን ሪፖርት የማድረግ ግዴታ አለበት። ስለዚህ የደብተሩን ፎቶ፣ የተሰጠሽን ምክር፣ በማግስቱ ክፍል ውስጥ የሆነውን በአንድ ገጽ ጽፈሽ ማህደረ ተግባርሽ ውስጥ አስገቢ። ሱፐርቫይዘር ሲመጣ ርዕሰ መምህሩ ቀድሞ የሚያወጣው ያንን ገጽ ይሆናል፤ ከዚያ በኋላ ስለ ፌስቡክ የሚነግርሽ አይመስለኝም። ክፍል ውስጥ ስልክ አለማውጣትሽ ግን ለእሱ ብለሽ አይደለም፣ ለራስሽ ነው።

አንድ ነገር ግን አደራ። የልጆች ፊት፣ ስምና ውጤት ግሩፕ ላይ አይውጣ፣ የሰባት ሰው ግሩፕም ቢሆን። ያልተሰጠ ፈተናም እንዲሁ። በ2008 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ማኅበራዊ ሚዲያ ላይ ወጥቶ ፈተናው ተሰርዞ እንደገና መሰጠቱን ታስታውሻለሽ፤ የወረዳ ፈተናም ቢሆን ከአንድ ስልክ ወደ ሌላው ለመድረስ ሰከንድ አይፈጅበትም።

ከስድስት ሺሁ ግሩፕ አትውጪ። ድምፁን ዝጊውና ተይው፤ የመምህር መምሪያ ፒዲኤፍ ሲጠፋብሽ እዚያ ፈልገሽ ታገኚያለሽ።