ቁጥርህ አብሮህ አይበርም

ጥያቄህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። በትክክል ከገባኝ፣ ስድስት ዓመት በረዳት አብራሪነት ሠርተሃል፤ 3400 ያህል የበረራ ሰዓት አለህ፤ በሚመጣው ዓመት ለዋና አብራሪነት ሥልጠና ተራህ ሊደርስ ይችላል፤ የሥልጠና ግዴታ ውልህ ደግሞ አንድ ዓመት ከአራት ወር ይቀረዋል። በዚህ መሀል ከባሕረ ሰላጤው አገሮች አንድ ኩባንያ አሁን ከምታገኘው ሦስት እጥፍ የሚጠጋ ደመወዝ አቀረበልህ። አባትህ «ያስተማረህን ቤት ጥለህ አትውጣ» ይሉሃል፣ ጓደኞችህ ሻንጣቸውን እያሰናዱ ነው። በዕድሜ ታናሽ ወንድሜ ስለምትሆን አንተ እያልኩ ልጻፍልህ።

አዲስ አበባ 14 ዓመት በርሬያለሁ፤ ባሕረ ሰላጤ ስምንት ዓመት፤ አሁን ደግሞ አሜሪካ ውስጥ በአንድ አነስተኛ አየር መንገድ ሦስተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። የሦስቱንም ስም አላነሳም፣ ክርክሬ ከእነርሱ ጋር አይደለም። መልሴን አስቀድሜ ልንገርህ፦ ዋና አብራሪ ሳትሆን አትሂድ። ምክንያቱን ለማስረዳት ግን ትንሽ ወደ ኋላ መመለስ አለብኝ። ዓመቶቹን በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጽፋለሁ፤ የበረራ መዝገቤ የተጻፈው በእርሱ ነው።

በ2012 ካርቱም ላይ ቆመን ነዳጅ ሲሞላልን፣ የበረራ ዕቅዱን ወረቀት ገልብጬ ጀርባው ላይ ሒሳብ ሠራሁ። በአንድ በኩል ያለኝን ደመወዝ፣ በሌላው በኩል የቀረበልኝን ጻፍኩ፦ መነሻ ደመወዝ፣ የቤት አበል፣ የበረራ ሰዓት ክፍያ፣ የልጆች ትምህርት ቤት፣ ከዚያም «ግብር የለም» የሚለውን ሁለት ጊዜ አሰመርኩበት። ሁለት እጥፍ ተኩል መጣልኝ። ያን ወረቀት እስከ ዛሬ አልጣልኩትም። አሁን ሳየው የሚገርመኝ ያልጻፍኩት ነው። ባለቤቴ ነርስ ነበረች፤ ሥራዋን ትታ እንደምትከተለኝ እያወቅሁ የእርሷን ደመወዝ ከሒሳቡ አልቀነስኩም። ሌላው የዘለልኩት ነገር የወረፋ ቁጥሬ ነበር።

አብራሪ ሲሠራ የሚያጠራቅመው ሀብት ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው በበረራ መዝገብህ ውስጥ ያለው ሰዓት ነው፤ ያ የራስህ ነው፣ የትም ይዘኸው ትሄዳለህ። ሁለተኛው መሥሪያ ቤትህ ዝርዝር ላይ ያለህ የቀደምትነት ተራ ነው። እርሱ አይሸጥም፣ አይወረስም፣ ከአንዱ ኩባንያ ወደ ሌላው አይዛወርም። በር ዘግተህ የወጣህ ዕለት ዜሮ ይሆናል። መሐንዲስ ወይም ሐኪም መሥሪያ ቤት ሲለውጥ ልምዱ ተቆጥሮለት ከፍ ብሎ ይቀጠራል። የእኛ ሙያ ግን ሃያ ሺህ ሰዓት የበረረውን ሰው ትናንት ከተቀጠረ ልጅ በታች ያሰልፈዋል።

ይህ ነገር ከሁሉም በላይ የጠነከረው አሜሪካ ነው። የትኛውን አውሮፕላን እንደምታበር፣ ከየትኛው ከተማ እንደምትነሳ፣ የገናን ቀን ከልጆችህ ጋር እንደምታሳልፍ ወይም እንደማታሳልፍ፣ መቼ ዋና አብራሪ እንደምትሆን፣ ሁሉንም የሚወስነው የተቀጠርክበት ቀን ነው። ክፉ ቀን ሲመጣ የሚቀነሰውም ከታች ነው። በ2023 የዴልታ አየር መንገድ አብራሪዎች በአራት ዓመት ውስጥ 34 በመቶ የሚደርስ ጭማሪ ያገኙበትን ውል ሲያጸድቁ ዜናውን ሰምተህ ይሆናል። ጭማሪው ለሁሉም ነው፤ ነገር ግን የክፍያው ሰንጠረዥ በአገልግሎት ዓመትና በአውሮፕላን ዓይነት የተዘረጋ ስለሆነ፣ ትልቁን አውሮፕላን በቁጥሩ የመረጠው ነባር ካፒቴን (ዋና አብራሪ) ያገኘው ሌላ፣ አዲሱ ገቢ ያገኘው ሌላ ነው።

ሰዎች ለዚህ ቁጥር ሲሉ ምን ያህል እንደሚጣሉ ለማወቅ የሁለቱን የአሜሪካ አየር መንገዶች፣ የዩኤስ ኤርዌይስንና የአሜሪካ ዌስትን ታሪክ ተመልከት። ሁለቱ ኩባንያዎች በ2005 ተዋሐዱ። የአብራሪዎቹን ዝርዝር እንዴት እናቀላቅል በሚለው ስላልተስማሙ ገላጋይ ዳኛ ተሰየመ፤ ዳኛው በ2007 ውሳኔ ሰጠ። የምሥራቁ ወገን፣ ማለትም የዩኤስ ኤርዌይስ አብራሪዎች፣ «የእኛ ሰዎች ረጅም ዘመን አገልግለው ከትናንት ልጅ በታች ተቀመጡ» ብሎ ውሳኔውን አልቀበልም አለ፣ የነበረውን የሠራተኛ ማኅበር በድምፅ አስወግዶ ሌላ አቋቋመ። ጉዳዩ ዓመታት ፍርድ ቤት ለፍርድ ቤት ተንከራተተ። በአንድ ኩባንያ ስም፣ በአንድ ቀለም በተቀባ አውሮፕላን እየበረሩ፣ በሁለት ዝርዝር ኖሩ።

ከዚያ በፊት ደግሞ የቲ ደብሊው ኤ ነገር አለ። ይህ ስም ለእኛ ባዕድ አይደለም፤ የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ1945 ሲቋቋም እጁን ይዞ ያስጀመረው ይህ ኩባንያ ነው። በ2001 ተዳክሞ በአሜሪካን አየር መንገድ ሲገዛ፣ ከአብራሪዎቹ ብዙዎቹ የዝርዝሩ መጨረሻ ላይ ተለጠፉ። ከመስከረም 11ዱ የሽብር ጥቃት በኋላ ቅነሳ ሲመጣ ከወጡት ብዙዎቹ እነርሱ ነበሩ። እነዚህ ሰዎች ወደ ሌላ አልሄዱም፣ ቤታቸውን አልከዱም፤ ቤቱ ነው ከሥራቸው የተሸጠው። ስለ ታማኝነት ሲወራ ይህን አስታውሳለሁ።

ወደ ራሴ ልመለስ። ባሕረ ሰላጤ ስገባ በቦይንግ 737 ካፒቴንነት አራት ዓመት የሠራሁ ሰው ነበርኩ፤ እዚያ እንደገና ቀኝ ወንበር ላይ፣ በረዳት አብራሪው ቦታ፣ ተቀመጥኩ። ወደ ግራ፣ ወደ ካፒቴኑ ወንበር፣ ለመሻገር አራት ዓመት ፈጀብኝ። ያም ሆኖ አላማርርም። ገንዘቡ እውነት ነበር፣ አዲስ አበባ ቤት ሠራሁበት፣ ልጆቼ ጥሩ ትምህርት ቤት ተማሩ፣ 777 አበረርኩ። እዚያ የሄደ ሁሉ ይጸጸታል የሚልህ ካለ አትመነው።

በመጋቢት 2020 ሰማዩ ተዘጋ። ሰኔ ላይ የስብሰባ ጥሪ በኢሜይል ደረሰኝ። ስብሰባው ሰባት ደቂቃ ፈጀ፤ ስድስቱን የወሰደችው የስንብት ደብዳቤዬን ያነበበችው ሴት ናት፣ አንዱ የእኔ ዝምታ ነው። ሥራው ሲቆም የመኖሪያ ፈቃዱ ይቆማል፣ የኩባንያው ቤት ይለቀቃል፣ የትምህርት ቤት ክፍያው ይቋረጣል። ባለቤቴ የምግብ ዕቃውን በካርቶን ስታሽግ፣ እኔ ሳሎን ተቀምጬ ማን ቀርቶ ማን ወጣ የሚለውን በስልክ እቆጥር ነበር። የወጣው በቀደምትነት ብቻ አልነበረም፤ መመዘኛው ምን እንደሆነ የነገረን የለም። እዚያ የወረፋ ቁጥር ሲመችህ የሚጠቅምህ እንጂ ሲከፋህ የሚያድንህ አይደለም፤ ይህን በውልህ ላይ ፈልገህ አጣራ።

በዚያው ወር አዲስ አበባ ውስጥ አየር መንገዳችን ከመንገደኛ አውሮፕላኖች ላይ ወንበር እየነቀለ ጭነት ይጭን ነበር። እኔ ያሠለጠንኳቸው ልጆች የሕክምና ዕቃ ጭነው አህጉር ያቋርጣሉ። አክስቴ ስልክ ደውላ «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» አለችኝ። ስሄድ ብላኝ ቢሆን ኖሮ እስቅ ነበር፤ ስምንት ዓመት ዘግይታ አገኘችኝ።

በባለቤቴ በኩል የአሜሪካ መኖሪያ ፈቃድ ስለነበረን ሜሪላንድ ገባን። ሁለት ዓመት ያህል ዕቃ በመኪና አደረስኩ። ፈቃዴን ወደ አሜሪካ ለመለወጥ ኮርስ ወሰድኩ፣ የጽሑፍና የበረራ ፈተና ተፈተንኩ። ዕድሌ ሆኖ በ2022 አብራሪ ጠፍቶ ነበር። በዚያ ዓመት አነስተኞቹ አየር መንገዶች ሳይቀሩ አዲስ ገቢ ረዳት አብራሪን በሰዓት እስከ 90 ዶላር መክፈል ጀምረው ነበር፤ ከጥቂት ዓመታት በፊት ግማሹን እንኳ አያገኝም።

የመጀመሪያው ቀን ክፍል ውስጥ 22 ሰዎች ነበርን። አንድ ቀን የተቀጠሩ ሰዎች እርስ በርስ በምን ይደረደራሉ? በእኛ ኩባንያ በዕድሜ ነው። 49 ዓመቴ ስለነበር ከክፍሉ አንደኛ ሆንኩ፤ በሕይወቴ ዕድሜዬ የጠቀመኝ ያን ቀን ብቻ ነው። ከመላው ዝርዝር ግን ከታች 22ኛ ነበርኩ። የመጀመሪያ በረራዬን ያስበረረኝ ካፒቴን 29 ዓመቱ ነው። ጨዋ ልጅ ነው። «ከዚህ በፊት በጄት በርረሃል?» አለኝ። «ትንሽ» አልኩት።

እዚህ ላይ አንድ ያላወቅሁት ነገር ገጠመኝ፣ አንተም እወቀው። አሜሪካ ውስጥ የመንገደኛ አየር መንገድ ካፒቴን ለመሆን በዚያው አገር ደንብ ሥር ባለ በረራ የተገኘ 1000 ሰዓት ይጠየቃል። ውጭ አገር በግራ ወንበር ያበረርኩት ለመቀጠር ረዳኝ፣ ለዚህኛው ግን አልተቆጠረልኝም። ስለዚህ «ሰዓትህ የራስህ ነው» ያልኩህ እውነት ቢሆንም እርሱም ድንበር አለው። ተጠባባቂ ሆኜ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ስልክ ሲጮህ እየተነሳሁ፣ ገናንም ጥምቀትንም እየሠራሁ ያን አንድ ሺህ ሞላሁ።

አሁን የአንተን ነገር እንመልከት። ዛሬ ብትሄድ ረዳት አብራሪ ሆነህ ትወጣለህ፣ ረዳት አብራሪ ሆነህ ትገባለህ፣ በአዲሱ ቤት ወረፋ ጭራ ላይ ትቆማለህ። አንድ ዓመት ተኩል ብትታገሥ ውልህን ትጨርሳለህ፣ ተራህም ከደረሰ በግራ ወንበር ላይ አምስት መቶ ስድስት መቶ ሰዓት ታጠራቅማለህ። ያን ጊዜ ስትደራደር ሌላ ሰው ነህ፤ ክፉ ቀን መጥቶ ብትባረርም በካፒቴንነት የሚፈልግህ ቤት ይኖራል። እኔ በ2020 ያለ ግራ ወንበር ሰዓት ብወጣ ኖሮ የት እንደምሆን አላውቅም።

«ታገሥ» ማለት ለእኔ ቀላል እንደሆነ አውቃለሁ። በ2024 (በእኛ አቆጣጠር ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም.) የብር ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ በአንተ ደመወዝና በውጭው ደመወዝ መካከል ያለው ገደል በአንድ ሌሊት ሰፋ። የቤት ኪራይህን የምከፍለው እኔ አይደለሁም። ነገር ግን ሦስት እጥፍ የሚለውን ቁጥር ፈታተህ ተመልከተው። ከውስጡ መነሻ ደመወዙ ስንት ነው? ለምሳሌ በተባበሩት ዓረብ ኤምሬትስ ሕግ የአገልግሎት ማብቂያ ክፍያ የሚሰላው በመነሻ ደመወዝ ብቻ ነው፤ ለመጀመሪያዎቹ አምስት ዓመታት በየዓመቱ የ21 ቀን፣ ከዚያ በኋላ የ30 ቀን። አበሉ ሲያብጥ መነሻው ቀጭን ከሆነ መውጫህ ላይ ታገኘዋለህ። እነርሱም ለሥልጠና ግዴታ ያስፈርሙህ እንደሆነ፣ ስንት ዓመት እንደሆነ ጠይቅ። የጤና ምርመራ ወድቀህ ፈቃድህ ቢታገድ ምን ያህል ወር እንደሚከፍሉህ ጠይቅ፤ እኔ አሁን በየስድስት ወሩ ሐኪም ፊት ስቀርብ የደም ግፊት መለኪያው ክንዴን ሲጨብጠው የማስበው ስለ ጤናዬ ሳይሆን ስለ ቤት ዕዳዬ ነው። ባለቤትህ የምትሠራ ከሆነች ደግሞ እኔ የሳትኩትን አትሳት።

የአባትህ ነገር ቀረ። «የበላበትን ወጭት ሰባሪ» መባል ያስፈራል፣ እኔም ተብያለሁ። አንድ ነገር ግን እውነት ነው፦ አሜሪካ ውስጥ አንድ ወጣት ከዜሮ ተነስቶ አብራሪ ለመሆን ከመቶ ሺህ ዶላር በላይ ይበደራል። አንተ ያን ዕዳ በባንክ የለብህም፤ በውልህ ነው ያለብህ። የውሉ ቀን ሲደርስ ዕዳው ተከፍሏል፣ ከዚያ በኋላ መሄድ ክህደት ነው ብዬ አላምንም፤ ኩባንያ ዘመድ አይደለም። ከውሉ ቀን በፊት ገንዘቡን ከፍሎ መውጣትም ሕጋዊ ነው፣ አልወቅስህም። ተሰውረው፣ ፈቃድ ጠይቀው ሄደው በዚያው የቀሩትን ግን አይቻለሁ። የእነርሱን በረራ የሸፈነው አለቃቸው ሳይሆን የዕረፍት ቀኑን ያጣ ባልንጀራቸው ነው፣ ዕዳውን የከፈለውም ዋሳቸው ነው።

የእኔ ዋስ አጎቴ ነበር። የመምህርነት ደመወዙን ደብዳቤ አጽፎ፣ ፊርማውን ሦስት ቦታ ያኖረ ሰው ነው። ግዴታዬ ሲያልቅ የመሥሪያ ቤቱን የማጠናቀቂያ ደብዳቤ ይዤለት ሄድኩ። መነጽሩን አድርጎ አነበበው፣ የቤቱ ካርታ ባለበት ፋይል ውስጥ አስገባው፣ «አሁን ሂድ» አለኝ። አንተም የባሕረ ሰላጤውን ውል ከመፈረምህ በፊት ማን እንደፈረመልህ አስታውስና ቤቱ ሂድ፤ ቀሪው አንድ ዓመት ከአራት ወር በገንዘብ ስንት እንደሆነም ከሰው ሀብት ክፍል በጽሑፍ ይዘህ ሂድ።