ቀንጠፋውን ልንቀለው?

ጥያቄ፦ የምኖረው ወረታ አካባቢ ነው። ጓሯችን ጥግ ላይ ከድንጋይ ካቡ አልፎ ዛፍ ላይ የወጣ ቀንጠፋ አለ። ባለፈው ልጄን እጁን ክፉኛ ቧጨረው። ባለቤቴ ከሥሩ ይነቀል ይላል፤ እኔ ግን ያ ቀይ አበባው ሲያምር ሳሳሁለት። ምን ይሻላል?

መልስ፦ እህቴ፣ እኔ ብሆን አልነቅለውም። በነገራችን ላይ ያ የሳሳሽለት ቀይ ነገር አበባ አይደለም፣ ፍሬው ነው። አበባው ትንንሽ፣ ወተት የመሰለ፣ ጥሩ መዓዛ ያለው ነው፤ ንብም ይወደዋል። ፍሬው የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው፣ አንዷን ዘር ይዞ ክንፍ አውጥቶ ይቀላል፣ ሲደርቅ ደግሞ ነፋስ ይወስደዋል። ማንም ሳይተክለው ካብ ሥር የሚበቅለውም ለዚህ ነው።

እሾሁ እንደ መንጠቆ ወደ ኋላ የታጠፈ ነው። ተክሉ ብቻውን መቆም ስለማይችል በእሱ እየተንጠለጠለ ነው ዛፍ የሚወጣው። ስለዚህ ሲይዝ መጎተት የለም! ቀጥ ብሎ መቆም፣ ወደመጡበት ትንሽ መመለስ፣ ከዚያ አንድ በአንድ ማላቀቅ ነው። ይህን ለልጅሽ ዛሬውኑ አሳዪው።

ቀንጠፋ ንጉሥም አስቸግሯል። በ1770 እና በ1771 እ.ኤ.አ. ጎንደር የነበረው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ እንደጻፈው፣ ንጉሡ ከሠራዊቱ ጋር ሊነሳ ሲል «ወዴት እንደምሄድ አላውቅምና በአራቱም ማዕዘን ያለውን ቀንጠፋ ቁረጡ» የሚል አዋጅ ይነገር ነበር። እኔ ይህን ሳነብ በጣም ነው የገረመኝ፣ ያን ሁሉ ጦር የያዘ ንጉሥ ከጠላት በፊት ልብሱን ለሚይዝ ቁጥቋጦ ሲያስብ።

ወደ ጓሮሽ ስንመለስ፣ ከቀንጠፋ የተሻለ አጥር በነፃ አታገኚም። ከየመን እስከ ደቡብ አፍሪካ በደረቅ ቁጥቋጦና በጫካ ዳር የሚበቅል ተክል ነው፣ ድርቅ ይችላል፣ ሲደራረብ ደግሞ ከብት አያሳልፍም። ዛፉ ላይ የወጣውንና ወደ መተላለፊያው የዞረውን ቁረጡት፣ የቀረውን በረጅም እንጨት እየገፋችሁ ካቡ ላይ አስተኙት። ባለቤትሽ ወፍራም የቆዳ ጓንት ያድርግ፣ ገጀራውም ይሳል። በየዓመቱ እንዲህ ከተቆረጠ አያስቸግራችሁም።

የቆረጣችሁትን ደግሞ መሬት ላይ እንዳትተዉት፣ አጥሩ ላይ ጣሉት። ደረቅ ቀንጠፋ በባዶ እግሩ ለሚሮጥ ልጅ ከለምለሙ ይብሳል።