ለአሮጌ ሊፍ ፈጣን ቻርጅ ወይስ ባትሪ?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ የ2013 ኒሳን ሊፍ የኤሌክትሪክ መኪና አለኝ። የባትሪውን አቅም ከሚያሳዩት ዳሽቦርዱ ላይ ካሉት 12 መስመሮች የቀሩት 7 ናቸው። ከአሌክሳንድሪያ ባልቲሞር ደርሶ መልስ የማይታሰብ ሆኗል። ፈጣን ቻርጅ የለውም። መሰኪያውን ላስገባ ወይስ ባትሪውን ልቀይር? (አንባቢ፣ ቨርጂኒያ)

መልስ፦ ባትሪውን ቀይር፤ መሰኪያውን እርሳው። የሊፍ ፈጣን ቻርጅ ቻደሞ የሚባለው የመሰኪያ ዓይነት ነው። ከፋብሪካው ሳይገባለት የወጣ መኪና ላይ መሰኪያ መግጠም ብቻውን አይበቃም፤ ወፍራሙ ገመድ፣ ሪሌው (የኤሌክትሪክ ማብሪያ ማጥፊያው) እና ኮምፒውተሩም ይነካሉ። አሜሪካ ውስጥ አዳዲስ ጣቢያዎች ቻደሞን እየተውት ነው።

እኔም 2012 ሊፍ ነበረኝ። ባትሪው በፈሳሽ አይቀዘቅዝም። በየሐምሌው አስፋልት ላይ ፀሐይ ሲመታው ይውል ነበር፤ መስመሮቹ አንድ በአንድ ሲጠፉ ማየት አንጀት ይበላል።

ከተጋጨ የ2018 ሊፍ የወጣ ባለ 40 ኪሎዋት ሰዓት ባትሪ ፈልግ። ያንተ አዲስ ሆኖ 24 ነበር። ያንተ መኪና ግን አዲሱን ባትሪ አያውቀውም፤ በመሃል የሚያስተረጉም ካን ብሪጅ የሚባል ትንሽ ዕቃ ይገባል።

ገንዘብ ከመክፈልህ በፊት ቻርጁ ዝቅ እንዳለ በሊፍስፓይ፣ የሊፍን ባትሪ በሚያነብ የስልክ አፕ፣ አስነብበው። ባትሪውን የሚሠሩትን 96 የሴል ጥንዶች ከነቮልቴጃቸው ታያለህ። አንዷ ከሌሎቹ ለብቻዋ ወርዳ ከታየች ጥለኸው ሂድ።

ሥራውን ግን ቤትህ ጋራዥ ውስጥ እንዳትሞክረው፣ አደራህን። 400 ቮልት ገደማ ነው፤ ይገድላል። መኪናህ ውስጥ ያለው ቻርጀር ባለ 3.3 ኪሎዋት ከሆነ ደግሞ አዲሱን ከባዶ ለመሙላት ከ12 ሰዓት በላይ ይፈጃል። ማታ ስትገባ ወዲያው ሰካው።