የመጨረሻዋ ገል

ልጆቼ፣

ምክር ስጠን ብላችሁኛል። ወደ 40 ዓመት የተሰበረ ሸክላ ስገጥም የኖርኩ ሰው ስለ ሸክላ ቢያወራ አትቀየሙ።

ፍሎረንስ ከተማ በሚገኘው የአርኪኦሎጂ ሙዚየም ቁመቱ 66 ሴንቲሜትር የሆነ ክራቴር አለ። ክራቴር ግሪኮች በግብዣ መሃል አስቀምጠው ወይንና ውሃ የሚበጠብጡበት ጎድጓዳ ዕቃ ነው፤ ወይን ሳይበረዝ መጠጣት በእነሱ ዘንድ ነውር ነበር። ይህን ከክርስቶስ ልደት በፊት በ570 አካባቢ አቴንስ ውስጥ ኤርጎቲሞስ ሠራው፤ ክሌይቲያስ ሣለበት። ሁለቱም ስማቸውን ጽፈውበታል። ክሌይቲያስ የሳላቸውን ሰዎች ስም መጻፍ ብቻ አልበቃውም። በአንዱ ሥዕል ላይ አንዲት ልጅ ከግሪክ ተረት ጀግናው ከአኪሌስ ስትሸሽ የጣለችው እንስራ ከተሳሉት ፈረሶች ሥር ወድቋል፤ አጠገቡ «እንስራ» ብሎ ጽፏል። እንስራ አይቶ የማያውቅ ሰው ያለ ይመስል! እዚህ ቦታ ስደርስ ሁልጊዜ እስቃለሁ።

እ.ኤ.አ. በ1900 አንድ የሙዚየሙ ጥበቃ በርጩማ ወርውሮ 638 ቦታ ሰባበረው። ፒዬትሮ ዜይ የሚባል ጠጋኝ ገጥሞ አቆመው። በ1973 እንደገና ሲጠገን ደግሞ፣ በመጀመሪያው ጊዜ ጎድላ የነበረች ገል ቦታዋን አገኘች።

እኔን የሚያስጨንቀኝ የገሎቹ ብዛት አይደለም፤ መጀመሪያ የተጣበቁት ሁለቱ ናቸው። በእነሱ መሃል የፀጉር ያህል ክፍተት ከቀረ ሦስተኛው ይወርሰዋል፣ አራተኛው ያባብሰዋል፣ የመጨረሻዋ ገል ቦታው ጠቧት ውጭ ትቀራለች። ያን ጊዜ ስህተቱ ከየት እንደጀመረ ፈልጋችሁ አታገኙትም።

ይህን የተማርኩት አውሮፓ ውስጥ ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት ነው። ዕቃዋ መዳፍ የምታክል ጥቁር የግሪክ መጠጫ ነበረች። (ጥቁሩ ቀለም እንዳይመስላችሁ፤ እቶኑ ውስጥ አየር ሲታፈን የጠቆረ ልዝብ ጭቃ ነው።) 14 ገል። የመጨረሻዋ አልገባ አለች። መሽቷል፤ ብቻዬን ነኝ። ሞረድ አነሳሁና ጠርዟን ሞረድኳት። ገባች።

በማግስቱ አለቃዬ ዓይኗን ጨፍና መጠጫዋን በጣቷ ዳሰሰቻት። አንድ ቃል አልተናገረችም። ሙጫ በሚያሟሟ ፈሳሽ፣ በአሴቶን፣ የነከረችውን ጥጥ በየመጋጠሚያው ደርድራ በላስቲክ ሸፈነችው። ከሰዓት በኋላ ስመለስ 14ቱም ጠረጴዛዬ ላይ ተበትነው ጠበቁኝ።

«ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ልላችሁ አይደለም። እኔ ከማንም በላይ ቀርፋፋ ነበርኩ። ጥፋቴ ገሎቹን ሁሉ በፕላስተር ብቻ ይዤ እስከ መጨረሻው ሳልሞክራቸው ሙጫ መቀባቴ ነው። እናንተም ቤት ስትሠሩ ይሁን ማኅበር ስታቋቁሙ፣ ሳታጣብቁ እስከ መጨረሻው ገጥማችሁ እዩት። ሙጫችሁም የሚለቅ ይሁን፤ የጠፋች ገል አንድ ቀን ልትመጣ ትችላለች፣ የሚያስገባት ሰው ደግሞ እናንተ ላትሆኑ ትችላላችሁ።

መጠጫዋን እንደገና ስገጥማት የመጨረሻዋ ገል ያለ ችግር ገባች። ሞረዱ የበላው በኩል ግን ክፍተት ቀረ። በጂፕሰም ሞላሁትና መዝገቡ ላይ «ይህ የጥንት ስብራት አይደለም፤ ጠጋኙ ሞርዶት ነው» ብዬ ጽፌ ፈረምኩ።