ለሐይቁ ሲባል ከእርሻ የወጣ ማሳ ክፍያ አለው?

ጥያቄ፦ ጉማራ ወንዝ ወደ ጣና በሚገባበት አካባቢ የምኖር ገበሬ ነኝ። ለሐይቁ የቀረበውን ሁለት ጥማድ ማሳዬን ሣር እንዲለብስ ከእርሻ እንዳወጣ ተነግሮኛል፤ ሩዝ፣ ከሩዙም በኋላ ጓያ የምዘራበት ነው። አሜሪካ የሚኖር የእህቴ ልጅ እዚያ መሬቱን ላሳረፈ ገበሬ መንግሥት በየዓመቱ እንደሚከፍል ነገረኝ። በእኛስ አገር እንዲህ ያለ ክፍያ አለ?

መልስ፦ የእህትዎ ልጅ የነገረዎት እውነት ነው። እ.ኤ.አ. በ1985 በወጣ የእርሻ ሕግ በተጀመረው በዚያ ፕሮግራም፣ ገበሬው በጎርፍና በነፋስ የሚሸረሸር ማሳውን ከ10 እስከ 15 ዓመት በሚዘልቅ ውል ከእርሻ አውጥቶ ሣር ወይም ዛፍ ያለብሰዋል፤ መንግሥትም በአካባቢው የመሬት ኪራይና በአፈሩ ምርታማነት የተሰላ ዓመታዊ ኪራይ ይከፍለዋል፣ ለዘርና ለችግኝ ካወጣውም እስከ ግማሽ ይጋራዋል። ጉዳዩ የሚታየው ገበሬዎች የመረጡት ኮሚቴ ባለበት የካውንቲ፣ ማለትም እንደ እኛ ወረዳ ባለ እርከን፣ ጽሕፈት ቤት ነው። ውሉን ያፈረሰ የተቀበለውን ገንዘብ ከነወለዱ ይመልሳል። በወንዝና በሐይቅ ዳር የሚተው ጠባብ የሣር መሬት ደግሞ ከሌሎች ማሳዎች ጋር ሳይወዳደር በማንኛውም ጊዜ ሊመዘገብ ይችላል፤ የእርስዎን ጉዳይ የሚመስለው ይህኛው ነው።

በእኛ አገር በስፋት የሚከፈለው ግን ለጉልበት እንጂ ላረፈ ማሳ አይደለም። ከ1997 ዓ.ም. ወዲህ በሴፍቲኔት የታቀፉ፣ የምግብ ዋስትና የሌላቸው ቤተሰቦች እርከን ሠርተው እህል ወይም ገንዘብ ይቀበላሉ፤ የበጋው የተፋሰስ ልማት ዘመቻ በነፃ ጉልበት የሚሠራ ነው።

ይህ ማለት ሕጉ የእርስዎን ዓይነት ጉዳት ፈጽሞ አላሰበውም ማለት አይደለም። የገጠር መሬት አስተዳደርና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 456/1997፣ በእጅጉ የተጎዳ መሬት እስኪያገግም ከሰውና ከከብት ንክኪ ሲከለል፣ ጉዳቱ በባለይዞታው ቸልተኝነት የመጣ ካልሆነ በስተቀር፣ ለዚያ ጊዜ ካሣ ወይም ሌላ አማራጭ እንዲሰጠው ደንግጎ ነበር። አዋጁ አሁን በአዋጅ ቁጥር 1324/2016 ስለተተካ፣ የወረዳው መሬት ጽሕፈት ቤት ውሳኔው በአዲሱ አዋጅ የትኛው አንቀጽ ላይ እንደተመሠረተ በጽሑፍ እንዲገልጽልዎ ይጠይቁ።

በእኛ እምነት ጥያቄዎ ተገቢ ነው። ከጉማራ፣ ከርብ፣ ከመገጭና ከግልገል ዓባይ ተፋሰሶች የሚወርደው ደለልና ከማሳ የሚታጠበው ማዳበሪያ ሐይቁን ይጎዳል፣ እምቦጩንም ይመግባል፤ በዳርቻው ያለ ሣር ከዚህ የተወሰነውን ያስቀራል። ጥቅሙ ለዓሣ አስጋሪው፣ ለባሕር ዳር ነዋሪና ለሐይቁ ተጠቃሚ ሁሉ ሆኖ ሳለ፣ የሩዙን ኪሳራ አንድ ቤተሰብ ብቻውን እንዲሸከም ማድረግ ፍትሐዊ አይደለም። መሬት የመንግሥትና የሕዝብ መሆኑም መልስ አይሆንም፤ የሚቋረጠው የመጠቀም መብትዎ ነውና።

ስለዚህ በቃል በተነገረዎት ብቻ ማሳውን አይልቀቁ። የይዞታ ማረጋገጫ ደብተርዎን ይዘው ቀርበው ስፋቱ ተለክቶ፣ የሚከለልበት ዘመንና የሚያጡት ምርት በሰነድ ይስፈሩ። ገንዘብ አልተመደበም ቢባሉ ምትክ መሬት ይጠይቁ፤ ቢያንስ በማሳው የሚበቅለውን ሣር አጭደው የመውሰድ መብቱ ለእርስዎ እንዲሆን በስምምነቱ ላይ ያስጽፉ።