38 ወይስ 32 ኤቲፒ?

«አንዱ መጽሐፍ ከአንድ ግሉኮስ 38 ኤቲፒ ይገኛል ይላል፣ ሌላው 32። የቱን ልያዝ? ክሬብስ ሳይክልንስ ሙሉውን ልሸምድደው?» ላልሽው እህቴ፣ ሽምደዳውን ተይው። (ኤቲፒ ህዋስ ጉልበቱን የሚይዝበት ሞለኪውል ነው፤ ክሬብስ ሳይክል ደግሞ የምግብን ካርቦን የሚያስወጣ የኬሚካል ዑደት።) እኔ ሸምድጄ ነው የተበላሁት። ኮሌጅ አንደኛ ዓመት ሳለሁ የክሬብስን ደረጃዎች ከሲትሬት እስከ ኦክሳሎአሴቴት በቃሌ እወጣቸው ነበር። ፈተናው ላይ የመጣው ግን «የምናስወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከየት ይመጣል?» የሚል ነው። «ከሳብነው ኦክስጅን» ብዬ ጻፍኩ። ዜሮ!

አሁን ልጆች ሳስጠና ጠረጴዛ ላይ ስድስት ሽምብራ እደረድራለሁ። የግሉኮስ ስድስት ካርቦኖች ናቸው። ሳይቶፕላዝም (የህዋሱ ፈሳሽ ክፍል) ውስጥ በግላይኮሊሲስ፣ ማለትም በግሉኮስ መሰንጠቅ፣ ሦስት ሦስት ሆነው ይከፈላሉ፤ ሁለት ፓይሩቬት ማለት ነው። እዚህ 2 ኤቲፒ አውጥተሽ 4 ታገኛለሽ፤ ትርፍሽ 2። ፓይሩቬቶቹ ማይቶኮንድሪያ (የህዋሱ ጉልበት ማመንጫ) ሲገቡ አንድ አንድ ካርቦን ይጥላሉ። የቀሩት አራቱ በክሬብስ ይወጣሉ። (በዚያው ዙር የገቡት ራሳቸው አይደሉም የሚወጡት፤ ሒሳቡ ግን ያው ነው።) ስድስቱም አለቁ። የምናስወጣው ካርቦን የበላነው እንጀራ ነው ማለት ነው! የሳብነው ኦክስጅንማ መጨረሻ ላይ ኤሌክትሮን ተቀብሎ ውሃ ይሆናል።

ወደ ቁጥሩ ልመለስ። ከአንድ ግሉኮስ 10 ኤንኤዲኤች እና 2 ኤፍኤዲኤች2 የሚባሉ ኤሌክትሮን ተሸካሚ ሞለኪውሎች ይገኛሉ። ኤሌክትሮናቸውን በማይቶኮንድሪያ ውስጠኛ ሽፋን ላይ ያራግፋሉ። በዚያ ጉልበት ፕሮቶን ወደ ውጪ ይገፋል፤ ተመልሶ ሲገባ ኤቲፒ ሠሪውን ኤንዛይም፣ ኤቲፒ ሲንቴዝን፣ እንደ ውሃ ወፍጮ ያሽከረክረዋል። እንግሊዛዊው ባዮኬሚስት ፒተር ሚቼል ይህን በ1961 እ.ኤ.አ. ሲያቀርብ ብዙዎች አልተቀበሉትም፤ በ1978 ግን ኖቤል ተሸለመበት። ድሮ ኤንኤዲኤች 3፣ ኤፍኤዲኤች2 ደግሞ 2 ኤቲፒ ይሰጣል ይባል ነበር፤ 30 ሲደመር 4፣ ከግላይኮሊሲስና ከክሬብስ በቀጥታ የሚገኘው 4 ሲጨመር 38። በኋላ ግምቱ ወደ 2.5 እና 1.5 ወረደ፤ 25፣ 3 እና 4፣ 32። 36 ወይም 30 ካየሽም አትደንግጪ። የግላይኮሊሲስ 2 ኤንኤዲኤች ወደ ማይቶኮንድሪያ ሲሻገሩ በአንዳንድ ህዋሳት ስለሚከስሩ ነው። ፈተና ላይ የክፍልሽን መጽሐፍ ቁጥር ጻፊ።

ኦክስጅን ከሌለ ትርፉ ያቺው የግላይኮሊሲስ 2 ኤቲፒ ናት። ጠላ ውስጥ ያለው እርሾ ፓይሩቬቱን አልኮልና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያደርገዋል። ከስድስቱ ሽምብራ ሁለቱ በአየር ይወጣሉ፣ አራቱ አልኮሉ ውስጥ ይቀራሉ። ያልወጣው ጉልበትም እዚያው ነው፤ ዳግም አረቄ ክብሪት ሲነካው የሚነደው ለዚህ ነው።