ክርኑን የደበቀው በረኛ

ከዊኒፔግ የላክኸው ደብዳቤ ደርሶኛል። አማርኛ መጻፍ ስለሚያዳግትህ እህትህ እንደጻፈችልህ ነግረኸኛል፤ እግዚአብሔር ይስጣት። አንባቢዎቼ እንዲከተሉን ጉዳይህን ባጭሩ ላስቀምጠው። ዕድሜህ 19 ነው፤ ከአምስት ዓመትህ ጀምሮ ያደግኸው ካናዳ ነው። የበረዶ ሆኪ በረኛ ነህ፤ በወጣቶች ሊግ ለመጫወት ዕድሜህ የሚፈቅድልህ አንድ የውድድር ዓመት ብቻ ነው። ካለፈው መስከረም ጀምሮ ቀኝ ዳሌህን ያምሃል። ግብ ለማዳን በጉልበትህ ወርደህ እግርህን ወደ ጎን ስትዘረጋ ይወጋሃል፤ ሌሊት በዚያ ጎን መተኛት ትተሃል። ተጠባባቂው በረኛ ቦታህን ስለሚፈልግ ለአሠልጣኝህ አልተናገርህም። ቀን በመጋዘን፣ ማታ በታክሲ እየሠራ ትጥቅህን ሁሉ የገዛልህ አባትህ ስለሆነ ለእርሱም አልተናገርህም። የምታውቀው እህትህ ብቻ ናት።

በዚህ መሀል አሠልጣኝህ በመልበሻ ክፍል ስለ ከተማችሁ ልጅ ስለ ቴሪ ሳውቹክ አወራላችሁ። ፊቱ 400 ጊዜ ያህል ተሰፍቶ፣ አንድ ክንዱ ከሌላው አጥሮ፣ ያም ሆኖ በር ላይ ቆሞ የዓለም ታላቅ በረኛ እንደሆነ ነገራችሁ። «በረኛ ማለት ይህ ነው» አላችሁ። አንተም «እትዬ፣ እርሱ ችሎት ታላቅ ከሆነ እኔስ ብችለው ምን አለበት?» ብለህ ጠየቅኸኝ።

ብዙ አለበት። ሌሎቹን ጥያቄዎችህን መጨረሻ ላይ ባጭር ባጭሩ እመልሳለሁ። አሠልጣኝህ ግማሽ ላይ ያቆመውን ታሪክ ግን በቅድሚያ ልጨርሰው።

ሳውቹክ ዊኒፔግ የተወለደው በ1929 ነው፤ ዓመቶቹንና ቀኖቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጽፋለሁ። ቤተሰቡ ከዩክሬን የመጣ ነው፤ አባቱም እንደ አባትህ በጉልበቱ ሠርቶ የሚያድር ሰው ነበር። በረኛ የነበረው ታላቅ ወንድሙ ማይክ በ17 ዓመቱ በልብ ሕመም ሞተ። ቴሪ ያኔ አሥር ዓመቱ ነበር። የወንድሙን የእግር መከላከያ ወርሶ፣ ያንኑ አጥልቆ በር ላይ ቆመ።

በ12 ዓመቱ ከጓደኞቹ ጋር ሲጫወት ወድቆ ቀኝ ክርኑን ተጎዳ። እንዳይጫወት ተከልክሎ ስለነበር ቅጣቱን ፈርቶ ለማንም ትንፍሽ አላለም። አጥንቱ እንደተዛነፈ ገጠመ። ክንዱ አጥሮ ቀረ፤ እንደ ልቡም አይታጠፍለትም ነበር። አሠልጣኝህ «በአጭር ክንድ ተጫወተ» ያለው ይህንን ነው። ልጁ ያን ዕለት ለእናቱ ተናግሮ ቢሆን ኖሮ ሐኪም ወይም ወጌሻ ሳያቃናው አይቀርም ነበር። በኋላ ያ ክርን በተደጋጋሚ ቀዶ ሕክምና ተደርጎለታል፤ ከውስጡ የወጡትን የአጥንት ስብርባሪዎች በብልቃጥ ያስቀምጣቸው እንደነበር ይነገራል። ያ ብልቃጥ ከዓይኔ አይጠፋም። የ12 ዓመት ልጅ የደበቀውን ነገር አንድ ሐኪም ከዓመታት በኋላ በጥቂት በጥቂቱ ሲለቅም ይታየኛል።

ታላቅነቱን ማንም አይክደውም፤ እኔም አልክድም። በ1952 ከክለቡ ከዲትሮይት ሬድ ዊንግስ ጋር የሰሜን አሜሪካ ብሔራዊ ሆኪ ሊግ የሻምፒዮና ዋንጫ የሆነውን የስታንሊ ዋንጫ ሲያነሣ በስምንት ጨዋታዎች የገቡበት ግቦች አምስት ብቻ ነበሩ፤ በአራቱ ጭራሽ አልተቆጠረበትም። ዋንጫውን በሕይወቱ አራት ጊዜ ወስዷል። ግብ ሳይቆጠርበት የወጣባቸው 103 ጨዋታዎች እስከ 2009 ድረስ በክብረ ወሰንነት ቆይተዋል። እስከ 1962 ድረስ ጭምብል አላጠለቀም፤ በበረዶ ላይ እየከነፈች የምትመጣን፣ በሆኪ እንደ ኳስ የምታገለግል ደረቅ ጎማ በባዶ ፊት ነው የተቀበለው።

ቀሪው ግማሽ እንዲህ ነው። በ1951 የክለቡ ኃላፊ ክብደት እንዲቀንስ አዘዘው፤ ከ18 ኪሎ በላይ ቀነሰ። ከዚያ በኋላ ጸባዩ መለወጡን የቅርብ ሰዎቹ መስክረዋል፤ ዝምተኛና ቁጡ ሆነ። በ1955 ዋንጫ አምጥቶላቸው ወዲያው ለቦስተን ሸጡት። እዚያም በ1957 መጀመሪያ፣ ገና 27 ዓመቱ ሳለ፣ ከባድ የቫይረስ በሽታ አደከመው። በቅጡ ሳያገግም ወደ ሜዳ መለሱት። ሰውነቱ ሲከዳው፣ አእምሮውም ሊከተለው ሲል፣ «አልቻልኩም፣ አቆማለሁ» አለ። ሕመሙን በአደባባይ ተናገረ። የክለቡ ሰዎችና ጋዜጦች ምን አሉት መሰለህ? «ሸሺ» አሉት፤ ከጨዋታ የሚሸሽ ሰው ማለታቸው ነው።

ከዚያ ወዲህ ለዓመታት ተጫውቷል። በ1967 ከቶሮንቶ ጋር አንድ ተጨማሪ ዋንጫ ወስዷል። ቤቱ ግን በመጠጥና በጠብ ታመሰ። ሰባት ልጆች ያፈራችለት ሚስቱ በ1969 ፈታችው። በ1970 የጸደይ ወራት ኒው ዮርክ አጠገብ፣ ሎንግ አይላንድ ላይ ከቡድን ጓደኛው ጋር በጋራ በተከራዩት ቤት ወጪ ምክንያት ተጣሉ፤ በግብግቡ ወድቆ ጉበቱ ተጎዳ። ለፖሊስ ጥፋቱ የራሱ መሆኑን ተናገረ፤ ፍርድ ሰጪዎቹም ጓደኛውን ነጻ አወጡት። ግንቦት 31 ቀን 1970 ሆስፒታል ውስጥ ዐረፈ። 40 ዓመቱ ነበር።

ለመጠጡና ለጠቡ ምክንያቱ ክርኑ ነው አልልህም፤ በሚስቱና በልጆቹ ላይ የደረሰውንም በሕመሙ አላሳብብም። የሰው ሕይወት እንዲህ በአንድ ክር አይተረተርም። የምለው አንድ ነገር ነው። በ12 ዓመቱ የተማረው «ከተናገርህ ትቀጣለህ» የሚል ትምህርት ነበር፤ በ27 ዓመቱ ደግሞ ይህንኑ ትምህርት ትልልቅ ሰዎች አጸኑበት። ችሎታውን ወርሰህ ዝምታውን ትተው ዘንድ እንጂ ሁለቱን አንድ ላይ ጠቅልለህ እንድትሸከም አልፈልግም።

ፍርሃትህ መሠረት የለውም አልልህም፤ ብትናገር ቦታህን ልታጣ ትችላለህ። በእርሱ ዘመን በሊጉ የነበሩት ስድስት ቡድኖች ነበሩ፤ እያንዳንዱም በአብዛኛው አንድ በረኛ ብቻ ይዞ ነበር የሚገባው። ማለት በዓለም ላይ እርሱ የሚፈልገው ሥራ ስድስት ቦታ ብቻ ነበረው። ዛሬ ቡድኖቹ 32 ናቸው፤ ሁለት ሁለት በረኛ ብንይዝላቸው 64 ሰው ይሆናል። ይህን ቁጥር ወረቀት ላይ ጽፈህ አልጋህ አጠገብ ለጥፈው። ከ64ቱ አንዱ መሆን ትችል ይሆናል፤ በተጎዳ ዳሌ ግን አትችልም። እናም ከ64ቱ ውጪ ብትሆን ቀሪውን ሃምሳ ዓመት የምትራመድበት ዳሌ ይኸው አንድ ነው።

በደብዳቤህ ላይ ዊሊ ኦሪን ጠቅሰሃል፤ በሰሜን አሜሪካ ብሔራዊ ሆኪ ሊግ የመጀመሪያው ጥቁር ተጫዋች፣ በ1958 ለቦስተን የተሰለፈው። ቀኝ ዓይኑ ከሞላ ጎደል አያይም ነበር፤ ይህንንም ደብቆ ነው የገባው። «ደብቆ ተሳካለት» ብለሃል፤ ልክ ነህ። ነገር ግን ልዩነቱን እይ። ዓይኑ አንዴ ጠፍቷል፤ በመደበቁ አልባሰበትም፤ በመናገሩም አይድንለትም ነበር። የሊጉ ደንብም አንድ ዓይን ያጣ ሰው እንዲጫወት አይፈቅድም ነበር። የአንተ ዳሌ ግን ገና ሊታከም የሚችል ነው፤ በየልምምዱ ደግሞ እየባሰበት ይሄዳል። ሁለቱን አንድ አድርገህ አትቁጠራቸው።

አሁን ወደ አባትህ ልምጣ፤ እዚህ ላይ ለስለስ ማለት አልችልበትም። ለመንሸራተቻ ጫማ፣ ለመከላከያ፣ ለጉዞ፣ ለካምፕ ያወጣው ገንዘብ ብዙ ነው፤ የበረኛ ትጥቅ በሆኪ ውስጥ ከሁሉ ውድ እንደሆነ አውቃለሁ። አመስግነው። ብድር አድርገህ ግን አትያዘው። አባትህም ይህን ጽሑፍ ካገኘው እንዲህ እለዋለሁ፦ ጋሼ፣ ድካምዎን አከብራለሁ፤ ነገር ግን ልጅ ዕቁብ አይደለም፤ ብዙ ስለጣሉበት ተራው ደርሶ አይወጣልዎትም። ልጅዎ ሌሊት ጎኑን እየገለበጠ ሲያድር እርስዎን ፈርቶ ዝም ካለ፣ በገዙለት ትጥቅ ሁሉ ውስጥ የጎደለው ምን እንደሆነ ይጠይቁ።

ይህን ያህል የምቆጣበት ምክንያት አለኝ። ሃያ ዓመት ሳይሞላኝ ለአንድ ክለብ 1,500 ሜትር እሮጥ ነበር። የቅልጥሜ አጥንት ለአራት ወር አሞኝ፣ በእናቴ ነጠላ ቁራጭ ጠፍሬ አስሬ፣ ቱታዬን ከላይ ደርቤ ጃን ሜዳ እሮጥ ነበር። ማታ ማታ ነጠላውን ስፈታው ክሩ ቆዳዬ ላይ ታትሞ ይቀር ነበር። ለሻምፒዮናው 18 ቀን ሲቀረው፣ ጠዋት፣ ጎልማሶች ኳስ የሚጫወቱበት ጥግ ጋ ስደርስ አጥንቱ ሲሰበር ሰማሁት። ክለቡ ደመወዜን ያቆመው በሦስተኛው ወር ነው። ያዳነኝ እናቴ በግድ ያስመዘገበችኝ የማታ የሂሳብ አያያዝ ትምህርት ነበር። ከዚያ አስተማሪ፣ ከዚያ የሙያ አማካሪ ሆንኩ። እናቴ ስለ እግሬ ያወቀችው ጄሶ ውስጥ ከገባ በኋላ ነው። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» የሚለውን ተረት ሺህ ጊዜ ስትተርት ሰምቻለሁ፤ ያን ቀን ግን አልተረተችም፤ ዝም ብላ ጄሶውን ስትዳብሰው አመሸች።

ስለዚህ እንዲህ አድርግ። አባትህ ከሥራ በሚያርፍበት ቀን፣ እህትህ ባለችበት፣ ይቅርታ ሳትጠይቅ ጀምር፦ «አባዬ፣ ከመስከረም ጀምሮ ዳሌዬን ያመኛል፤ ሐኪም ቀጠሮ ይዣለሁ፤ አብረኸኝ ሂድ።» ከዚህ በላይ አታብዛ። ቀጠሮውን ግን በፊት ያዝ፤ «ሐኪም ያስፈልጋል ወይ?» ከሚለው ክርክር ያድንሃል። ከዚያ ለአሠልጣኝህ በጽሑፍ አሳውቅ፤ በቃል አይደለም። የተመዘገበ ተጫዋች የጉዳት መድን አለው፤ ሪፖርቱ የሚቀርብበት ጊዜ ግን የተወሰነ ነው፤ ዝም ባልህ ቁጥር የፊዚዮቴራፒ ሂሳቡ ወደ አባትህ ኪስ እየተጠጋ ይሄዳል። አሠልጣኝህ «ሸሺ» ቢልህ ይህን ቃል ለማን እንደተባለ አስታውሰው፤ ታሪኩን እርሱ ራሱ ጀምሮት ነበርና።

ሜዳውን ተው አላልኩህም። ታክመህ ተመለስ። በሚቀጥለው መስከረም ግን ጨዋታም ኖረ አልኖረ ሁለት ኮርስ ተመዝግበህ ጀምር፤ ሙሉ ጊዜ ባይሆንም። እግርህ ሲያርፍ ሥራ የማይፈታ ነገር ይኑርህ።

የቀሩትን ልመልስልህ። እናትህ ነርስነት፣ አንተ የስፖርት ጉዳት ሕክምና ብላችሁ ስለተከራከራችሁት፦ ሁለቱም እንጀራ ይሆናሉ፤ የመጀመሪያ ዓመት የሳይንስ ኮርሶቻቸው ብዙ ስለሚመሳሰሉ ክርክሩን ለአንድ ዓመት አቆዩት። በሌሊት ፈረቃ ሠርተህ ንጋት ላይ ልምምድ መግባትን ግን አቁም፤ ማንም ሰውነት አይችለውም። በመልበሻ ክፍሉ ብቸኛው ሐበሻ መሆንህን በአንድ መስመር ብቻ ጽፈህ አልፈኸዋል፤ እኔም በአንድ መስመር ላልፈው አልፈልግም። ስለዚያ ሌላ ደብዳቤ ጻፍልኝ፤ በእህትህ አማርኛም ይሁን በአንተ የተቆራረጠ አማርኛ ግድ የለኝም።

ሐኪሙ የዳሌህን ምስል ካዘዘ ወረፋው ረጅም ሊሆን ይችላል፤ ስለዚህ ቀጠሮ ለመያዝ ነገን አትጠብቅ፣ ዛሬ ደውል። ቀኑን ስታውቀው እህትህ ትጻፍልኝ።